በግራ በኩል ያለው በር

"በዚያ በኩል አትክፈቺ እህቴ። ትንሽ ጠብቂኝ፣ ጥግ ልያዝልሽ" አሉ ሹፌሩ ጋሽ ሳህሉ፣ በመስተዋት እያዩዋት።

የፈቲያ እጅ ግን አስቀድሞ የበሩ እጀታ ላይ ነበር። አሮጌዋ ፔጆ ታክሲ የሐረር ቅጥር መግቢያ ከሆነው ሸዋ በር ለመድረስ ሃምሳ እርምጃ ሲቀራት ከሚኒባሶች ሰልፍ ኋላ ተገትራለች። ከፊት አንድ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ሽንኩርት ያራግፋል፤ ረዳቶቹ ይጮኻሉ፤ ከመንገዱ ዳር አልፎ ሸራውን አስፋልት ላይ የዘረጋ ነጋዴም ብዙ ነው። በቀኟ በኩል ድንች በማዳበሪያ ይዛ የተሳፈረች አንዲት ባላገር አሮጊት መውረጃውን ዘግታባታለች። ለሦስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ነው። ፈቲያ "ሰዓት ሄደብኝ" አለችና በሩን በኃይል ገፋችው።

በሩ ከእጇ ተመነጨቀ። ከሰልፉ በግራ ሲያልፍ የነበረ ሳይክል በሩ ላይ ተተከለ፤ ነጂው በመሪው ላይ ተሻግሮ አስፋልቱ ላይ ወደቀ። ከኋላው ይመጣ የነበረ ሚኒባስ ጎማው እያፏጨ፣ ከሰውየው ራስ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ። ከሳይክሉ ኋላ የታሰረው ሣጥን ተከፍቶ ዳቦው በየአቅጣጫው ተበተነ።

ሐረር ውስጥ ዳቦ መሬት ወድቆ አይረገጥም። መንገደኛው ሁሉ ጎንበስ እያለ ያነሳል፣ ይስማል፣ ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጣል። ፈቲያም ወርዳ ጎንበስ አለች። እግሯ ሥር የመጣውን አንድ ዳቦ አነሳች፤ ሳመችው፤ አቧራውን በሻሿ ጫፍ ጠርጋ አጥር ግንቡ ላይ አኖረችው። ሰውየውን ግን አላነሳችውም። ኋላ ሲያንገበግባት የሰነበተው ይኸው ነው፦ ዳቦውን ማንሳቷ።

ሰውየው ፊቱን ወደ ወዲያ አዙሮ ያቃስታል። ጋሽ ሳህሉ ወርደው አጠገቡ ተንበርክከዋል። ዙሪያውን የቆመው ሰው ግማሹ "ሳይክል እዚህ መንገድ ላይ ምን ይሠራል" ይላል፤ ግማሹ ሹፌሩን ይረግማል። አሮጊቷ ማዳበሪያዋን አዝላ ሄዳለች። በዚህ መሃል የፈቲያ ስልክ ጮኸ። ከለቅሶ ቤት የደወለች ጓደኛዋ ሳዳ ነበረች፤ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ እሷን ብቻ እየጠበቀ መሆኑን ነገረቻት። "መጣሁ" አለች ፈቲያ፤ እግሯም ይዟት በቅጥሩ በር ገባ። ማንም አላስቆማትም። ሃምሳ ዓመት የሞላትን፣ በደንብ የለበሰችን ሴት ማን ይጠረጥራል።

ፈቲያ የሰፈሩ ሴቶች አፎቻ ሰብሳቢ ናት። ለሠርግም፣ ለለቅሶም፣ ለታመመም ተጠራርቶ የሚደርሰው ማኅበር ነው አፎቻ። ከተመረጠች ወዲህ አንድ ደንብ አውጥታለች፦ ያረፈደችና የቀረች ሴት ስሟ ከነአባቷ በሰው ፊት ይጠራል። ገንዘብ ቢያስከፍሉን ይሻለን ነበር ያሉ ሴቶች አሉ፤ ፈቲያ ግን ሰው ከኪሱ ይልቅ ስሙን ይፈራል ባይ ናት። እውነቷን ነው። ያን በር ያስከፈታትም የራሷ ስም ነበር።

ለቅሶው ቤት ስትደርስ ሰዓቱ ከሦስት አልፏል። ጠሪዋ እሷው ስለሆነች አረፈደች ያላት የለም። እንደ ልማዷ ተነሥታ ያረፈዱ የሁለት ሴቶችን ስም ጠራች። ከዚያ የቀረችውን።

"ዋፊቃ ፈይሰል። ባለፈው አርፍዳ ነበር፤ ዛሬ ጭራሽ ቀርታለች።"

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ፈቲያ ግን ምን እንዳረረባት ገና አላወቀችም። ልትቀመጥ ስትል፣ በስልክ ስትነጋገር የቆየችው ሳዳ ፊቷ ተለዋውጦ ገባች።

"ዋፊቃ ሆስፒታል ናት" አለች። "ባሏን ሐምዛን ሸዋ በር ላይ የታክሲ በር ጣለው። ዳቦ ይዞ ሲመጣ ነው።"

ሴቶቹ አስተግፊሩላህ አሉ። ፈቲያ ተቀመጠች። መናገር የነበረባት ያኔ ነው። አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር፤ ጥፋቱም ገና ትኩስ ስለነበር ድንጋጤ ነው ተብሎ ይታለፍላት ነበር። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን "አላህ ያሽረው" የሚል ነው። ሴቶቹ ሁሉ አሚን አሉ።

ፈቲያ፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ፣ ክርና ቁልፍ የምትሸጥበት ጠባብ ሱቅ አላት። በማግሥቱ ሱቋን ከፍታ ስትቀመጥ ዓይኗ ያረፈው ጥግ ላይ በቆመ ጥቅል ላይ ነው፤ ብርሃን ሲያርፍበት የሚያበራ ቢጫ ጥብጣብ። ከሁለት ሳምንት በፊት ዋፊቃ መጥታ ከዚህ ጥቅል ገዝታ ነበር። መኪኖቹ ሐምዛን አላየነውም እያሉ ስለሚጋፉት ጃኬቱ ላይ ልትሰፋለት ፈለገች። ፈቲያ ሁለት ክንድ ለክታ ግማሽ ክንድ መርቃላት ነበር። እኔስ ዞር ብዬ አይቼው ቢሆን ኖሮ፣ አለች በልቧ፤ ቢጫው ይታየኝ ነበር። ጥቅሉን አንሥታ ባንኮኒው ሥር ከተተችው።

ከሱቋ ፊት ለፊት ስፌት መኪናውን እየረገጠ የሚውለው ደምሴ የጋሽ ሳህሉ ጎረቤት ነው። ሳትጠይቀው ወሬውን አመጣላት። ሰውየው መንጃ ፈቃዳቸው ተይዟል። በሩን የከፈተችው ተሳፋሪ እስካልተገኘች ድረስ ተጠያቂው ሹፌሩ ነው ተብለዋል። በስልሳ ስድስት ዓመታቸው ሌላ ሥራ የላቸውም። ከተጎጂው ቤተሰብ ጋር ከታረቁ ነገሩ ሊቀል ስለሚችል ሽማግሌ እየፈለጉ ናቸው።

"ተሳፋሪ ነው የከፈተው ቢሉ ማን ይመናቸዋል" አለ ደምሴ፣ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ። "አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሆነ።"

"ሴትየዋስ?" አለች ፈቲያ። ወዲያው ምነው ባልጠየቅሁ አለች።

"ሴትየዋማ ዳቦ ስማ ሄደች ይላሉ። የእሷን ነገር ነው ደጋግመው የሚያወሩት።"

ፈቲያ ቁልፍ መቁጠር ጀመረች። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ቁልፍ ነበር።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ሦስት ቀን ሙሉ በዚህ ተረት ተጽናናች። ምክንያትም አላጣችም፦ መኪናው መንገዱን ባይዘጋ፣ ነጋዴው አስፋልት ላይ ባይዘረጋ፣ ለሳይክል የሚሆን አንድ ክንድ ቦታ ቢተውለት። ሁሉም ልክ ነው። ግን በቆጠረች ቁጥር ከሁሉም መጨረሻ ላይ "ትንሽ ጠብቂኝ" የሚለው የሽማግሌው ድምፅ ይመጣል። አፍራ ነበር፤ እንዲሁ አፍራ። ሱቅ የመጣን ሰው ቀና ብላ ማየት እስኪያቅታት ድረስ አፈረች።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ አፎቻው ለጥየቃ ሄደ። ሰብሳቢዋ መቅረት አትችልም፤ ታምሜአለሁ ብትል ደግሞ እሷኑ ሊጠይቁ ይመጣሉ። እንደ ሐረር ቤት ሁሉ የዋፊቃም ቤት ከፍና ዝቅ ባሉ ነደባ በሚባሉ ቀያይ መደቦች የተሠራ ነው። ከፍ ያለውን ለፈቲያ ለቀቁላት። ሐምዛ ከሥር ባለው መደብ ላይ ትከሻው በፋሻ ተጠፍሮ፣ እግሩ በጄሶ ተጋድሟል። ሆስፒታል በመቀስ የተቀደደው ጃኬት ቢጫ ጥብጣቡ እንዳለ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ፈቲያ ከተቀመጠችበት ሆና ከእሱ በቀር የምታየው ነገር አልነበረም።

"ስምንት ዓመት ነዳሁ" ይላቸዋል ሐምዛ ለሴቶቹ፣ ቀስ ብሎ። "የሚሄድ መኪና አያስፈራኝም፤ ድምፁን እሰማለሁ። የምፈራው የቆመውን ነው። ሁልጊዜ ከቆመ መኪና የበር ስፋት ያህል ርቄ ነው የማልፈው። ያን ቀን ሚኒባሱ ከኋላዬ ጥሩምባውን ነፋብኝ፤ ላሳልፈው ጠጋ አልኩ። ጠጋ ያልኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው፣ ወላሂ።"

ሴቶቹ ሳይክሉን ቢተወው እንደሚሻል መከሩት። በምን ልሥራ፣ አላቸው፤ ባጃጅ መግዣ የለኝም፣ ዳቦውም በእግር አይደርስም። ዋፊቃ ሻይ እየቀዳች ፈቲያ ዘንድ ስትደርስ ጎንበስ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"እትዬ ፈቲያ፣ አውፍ ይበሉኝ። የዚያን ቀን ስሜን መጥራትዎን ሰማሁ። ልክ ነዎት። ሰው ልኬ ማሳወቅ ነበረብኝ።"

ፈቲያ ብርጭቆውን ተቀበለች። ሻዩ ፈሰሰባት፤ ትኩስነቱ አልተሰማትም። ተሰድባ ቢሆን ትችለው ነበር። የዋፊቃን ይቅርታ መጠየቅ ግን አልቻለችውም። ራሷን ብቻ ነቀነቀች።

በዚህ ጊዜ ከበሩ ሥር "አሰላሙ ዓለይኩም" የሚል ድምፅ ተሰማ። የሰፈሩ ሽማግሌ ሼህ ሙሳ ነበሩ። ከኋላቸው ደምሴ፣ ከሁሉ ኋላ ኮፍያቸውን በእጃቸው የያዙት ጋሽ ሳህሉ ተከታትለው ገቡ። ጫማቸውን አወለቁ። ወደ መደቡ ውጡ ቢባሉ ጋሽ ሳህሉ እንቢ አሉ፤ ጫማ ከሚወልቅበት አጠገብ፣ መሬት በተነጠፈው ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ይቅርታ የሚለምን ሰው ከፍ ብሎ አይቀመጥም።

ፈቲያ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች። አልጠቀማትም። ጋሽ ሳህሉ ቀና ብለው ሴቶቹን በየተራ ሲያዩ ዓይናቸው እሷ ላይ ደረሰና ቆመ። አወቋት። ጣታቸውን ሊቀስሩባት ነው ብላ ትንፋሿን ያዘች። እሳቸው ግን ዓይናቸውን መልሰው ኮፍያቸውን ማየት ጀመሩ።

ሼህ ሙሳ በአጭሩ ተናገሩ። ሰውየው ይቅርታ ሊጠይቁ መጥተዋል፤ ማሳከሚያውንም አቅማቸው በቻለው ይረዳሉ። ሐምዛ ከትራሱ ቀና ለማለት ሞከረ።

"አባቴ፣ እርስዎን አልተቀየምኩም። የዚያን ቀን ያቀፉኝ እርስዎ ነዎት። አውፍ ብያለሁ።"

ዋፊቃ ግን የሻይ ማንቆርቆሪያውን ይዛ እንደቆመች ነበር።

"እኔም ብያለሁ" አለች። "አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ያቺ ሴት ማን ናት? ስሟን ባውቀው።"

ጋሽ ሳህሉ ኮፍያቸውን በእጃቸው አዞሩት።

"አላወቅኋትም ልጄ" አሉ። "መኪናው የእኔ ነው። ጥፋቱም የእኔ ይሁን።"

ደምሴ በመገረም ዞር ብሎ አያቸው። ሼህ ሙሳ ነገሩ አለቀ ብለው መዳፎቻቸውን ለዱዓ ከፍ አደረጉ። ሴቶቹም ከፍ አደረጉ፤ ጋሽ ሳህሉ ኮፍያቸውን ምንጣፉ ላይ አኖሩ፤ ሐምዛ የሚችለውን አንዱን እጁን አነሳ። ፈቲያ እጇን ከጉልበቷ ላይ ማንሣት አልሆነላትም። ይህ ዱዓ ሲያልቅ አሚን ትላለች፤ አሚን ካለች ይቅርታው ላልበደሉት ሰው ተሰጥቶ፣ መንጃ ፈቃዳቸውም እዚያው እንደተያዘ፣ ነገሩ ይዘጋል። እሷም በሚቀጥለው ለቅሶ ተነሥታ የሰው ስም ትጠራለች። በቀኝዋ የተቀመጠችው ሳዳ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

ፈቲያ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ከመደቡ ወረደች። የታመመችባቸው መስሏቸው ሁለት ሴቶች ሊይዟት ተነሡ፤ በእጇ መለሰቻቸው። በሐምዛ እግር አጠገብ አልፋ፣ በጫማዎቹ መካከል ተራምዳ፣ ከጋሽ ሳህሉ ጎን ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ሼህ ሙሳ ዱዓውን አቋረጡ።

"ጋሽ ሳህሉ ያውቁኛል" አለች። "በዚያ በኩል አትክፈቺ ብለውኝ ነበር። ነገ ጠዋት ትራፊክ ፖሊስ ዘንድ አብሬዎት ሄጄ ይህንኑ እናገራለሁ።"

ወደ ዋፊቃ ቀና አለች። በለቅሶ ቤት ስም ስትጠራ በምትናገርበት በዚያው ድምፅ መናገር ፈልጋ ነበር፤ መሃል ላይ ተሰበረባት።

"ስሟን ጠይቀሻል። ፈቲያ ዩሱፍ ነው።"

ዋፊቃ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ጋሽ ሳህሉ ኮፍያቸውን ከምንጣፉ ላይ አነሡና፣ በደንብ እንድትቀመጥ ጠጋ አሉላት።