ከመርዶ በፊት የወጣ ቪዲዮ

ሻማው የሚነደው «ስንዴዎን በሰዓቱ እናጭዳለን» ከሚለው የኮምባይነር አከራዩ ድርጅት መፈክር በታች፣ ድረ ገጹ ላይ ነበር። ከሻማው ጎን የኮምባይነር ነጂው የነህምያ ፎቶ፣ ከፎቶው ሥር ደግሞ «ነፍስ ይማር» የሚል ጽሑፍ አለ። መክሊት ኮምፒውተሯ ፊት እንደተቀመጠች ደርቃ ቀረች። ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ የለቀቁት የኮምባይነሮቹ ባለቤት አቶ እንደሻው ናቸው፤ በኀዘናቸው መሀል፣ ከገዛ ስልካቸው። ድረ ገጹ ደግሞ ክፉና ደግ አይለይም። በድርጅቱ ስም አዲስ ቪዲዮ በወጣ ቁጥር ጎትቶ ፊት ለፊት እንዲለጥፈው አድርጋ የሠራችው እሷው ራሷ ናት።

ነህምያ የሞተው ጠዋት ነው። ሮቤ አካባቢ፣ ተዳፋት ማሳ ላይ ሲያጭድ፣ ኮምባይነሩ ተገለበጠበት። አሰላ ያለው ዘመድ ሁሉ ሰምቷል፤ ያልሰሙት እናቱ እትዬ ዘመናይ ብቻ ናቸው። ወጉ እንደዚያ ነው፤ እናት የልጇን ሞት ከመንገደኛ አፍ አትሰማም። ዘመድ ከሳጉሬም ከሲሬም ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎህ ሲቀድ በሯ ይንኳኳል። እስከዚያ ድረስ ጎረቤት በደጇ ሲያልፍ እንባውን ውጦ፣ እንደ ወትሮው «እንዴት ዋልሽ» ይላታል።

«እስከ ንጋት ድረስ ጭምጭምታ እንዳይደርሳት» ብለው ነበር የነህምያ አጎት አቶ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ቢሮ ድረስ መጥተው። «ስልኳን ብንወስድባት ትጠረጥራለች። እሱን ነገር አንቺ ታውቂበታለሽ።»

ማወቁንስ ታውቅበታለች። እትዬ ዘመናይ ቲክቶክ የላቸውም፤ ልጃቸው «አንዱን አይታ ሳትጨርስ ራቁቱን የሚጨፍር ይመጣባታል» ብሎ ከልክሏቸዋል። በምትኩ መክሊት የድርጅቱን ድረ ገጽ ስልካቸው ላይ አውጥታ አስቀመጠችላቸው። አንዴ ሲነኩት የሚመጣው ኮምባይነር፣ ስንዴና ነህምያ ነው፤ ሌላ ባዕድ ነገር የለበትም። ለገበሬ ደንበኛ ተብሎ የተሠራውን ገጽ ከማንም በላይ የሚያዩት እሳቸው ሆኑ። ማሳው ላይ ኔትወርክ ስለማይገኝ፣ በአጨዳ ወራት የልጃቸውን ደህንነት የሚያውቁት በዚያ ቪዲዮ ነበር።

መክሊት ስልኳን አንሥታ ደወለች። «ጋሼ፣ ያወጡትን ያጥፉት።»

«ለምን? ለልጁ ክብር ነው እኮ።»

«እናቱ ያዩታል።»

አቶ እንደሻው ስልኩን ዘጉት። ትንሽ ቆይቶ ሻማው ጠፋና ያለፈው ሳምንት ቪዲዮ በቦታው ተመለሰ። መክሊት ገና በቅጡ ሳትተነፍስ ስልኳ ጮኸ።

«መክሊትዬ፣ ልጄ ዛሬም የለም እንዴ? ያው የድሮው ነው ያለው» አሉ እትዬ ዘመናይ።

«ኔትወርክ ነው፣ እትዬ።»

«እንጃ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ሰዉም ዛሬ ሰላም ሲለኝ ዓይኔን አያየኝም። መናኸሪያ ልውረድና ሮቤ ልሂድ መሰለኝ።»

መናኸሪያ! ሮቤ የሚጭነው ሾፌር፣ ረዳቱ፣ ትኬት ቆራጩ፣ ነህምያን የማያውቅ አንድም የለም። ገና ከበሩ ሳይዘልቁ አንዱ አቅፎ ያለቅስባቸዋል።

«ይጠብቁ፣ እትዬ» አለች። «አሁን አወጣልዎታለሁ።»

ነህምያ ቪዲዮ ሲልክ በጅምላ ነው፤ ከተማ ሲገባ በቴሌግራም ያዘንብባታል፣ እሷ ደንበኛ የሚስበውን መርጣ ታወጣለች። ያልወጡትን ከፈተቻቸው። አንዱ ላይ ነህምያ ኮምባይነሩ ጥላ ሥር ተቀምጦ ዳቦ ይገምጣል። ጉንጩ እንደተወጠረ ወደ ካሜራው ዞሮ «እማዬ፣ በልቻለሁ፣ አታስቢ!» ይልና በሣቅ ትን ይለዋል። ለንግድ አይሆንም ብላ የተወችው ነበር። አሁን ዐይታው ስትጨርስ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

መዋሸቷን ታውቃለች። አንድ ሌሊት እንኳ በሰላም ቢተኙ ምን አለበት፣ የቀረው ዕድሜ ለለቅሶ ይበቃል፣ እያለች ራሷን አጽናናች። ነገሩን የሰማ ሰው ከሥሩ ገብቶ እንዳይጽፍበት የአስተያየት መስጫውን ዘግታ ቪዲዮውን ለቀቀችው። ድረ ገጹም እንደ ልማዱ ጎትቶ ለጠፈው።

ስልኳ ወዲያው ጠራ። «አየሁት!» አሉ እትዬ ዘመናይ። «በልቻለሁ አለኝ እኮ! እንዴት ያለ ልጅ ነው፣ እናቱ ሆዷ እንደሚባባ ያውቃል። ተባረኪ፣ የኔ ልጅ። በይ አሁን ገና ምሳዬን ልብላ።»

ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎቹ ደጃፉ ላይ ቆሙ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ ተከተሉ፤ መክሊትም ከመሀላቸው ነበረች። አቶ ወልደ ጊዮርጊስ በሩን አንኳኩ። እትዬ ዘመናይ ከፍተው ሰዉን ሲያዩ መቃኑን ያዙ።

«እህቴ፣ በርቺ» አሉ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ። «ነህምያን ትናንት ጠዋት አጣነው።»

«ትናንት ጠዋት?» እትዬ ዘመናይ ቀና አሉ፤ ፊታቸው በራ። «ኧረ ተሳስታችኋል! ከሰዓት በኋላ ዳቦ ሲበላ በዓይኔ አየሁት እኮ።» ሮጠው ገብተው ስልኩን ይዘው ወጡ፣ ለሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ እያዞሩ አሳዩ። «ይኸው። የሞተው የሌላ ሰው ልጅ ነው። የማን ይሆን? አይ የሱ እናት፣ ምን ይዋጣት!»

ለጩኸት የተዘጋጁት ሴቶች አፋቸውን በነጠላ እንደያዙ ቀሩ። ሬሳውን በዓይኑ ያየ ከመሀላቸው አልነበረም። አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ራሳቸው ተስፋ ሲጀምራቸው ያስታውቃል። ስልኩን እያዩ፣ «መክሊት?» አሉ።

ሁሉም ዞሮ አያት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«በይ ንገሪያቸው» አሉ እትዬ ዘመናይ። «አንቺ አይደለሽ የምታወጪው?»

«እትዬ…» አለች መክሊት። «ባለፈው ሳምንት የላከው ነው። ትናንት ያወጣሁት እኔ ነኝ። መናኸሪያ እንዳይወርዱ ብዬ ነው።»

ሴቶቹ ጩኸታቸውን ለቀቁት። አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። እትዬ ዘመናይ ግን አልጮኹም። በለቅሶው መሀል ቀረብ ብለው የመክሊትን ክንድ ያዙና፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማባቸው ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አሉ።

«ሌላስ?» አሏት። «ያላወጣሽው ሌላ ቪዲዮ ቀርቷል?»