እጇን ስይዝ

ደግሞስ ማን ይፈርድብኛል፣ ፀጉር ቆራጭ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ በአፌ ነው የምኖረው፣ ደንበኛው ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ወሬ እጀምርለታለሁ፣ ስለ ኳሱ፣ ስለ ኑሮው፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻ፣ ወሬ አያልቅብኝም፣ ይኸው አሁን ልጄን ከትምህርት ቤት ይዤ ስመለስ የምላት የለኝም። አንዲት ቃል።

ያ ትኩሳት ነው። ማጅራት ገትር ነው አለ ሐኪሙ፣ እድለኞች ናችሁ ተርፋለች፣ ጆሮዋ ግን። እድለኞች። እሺ፣ ተርፋለች፣ እጄን ይዛ ትሄዳለች፣ አይ፣ እኔ ነኝ የያዝኳት፣ መኪናው ይተራመሳል፣ ጡሩምባ አትሰማ፣ ብለቃትስ፣ አልለቃትም።

ተምሬያለሁ እኮ። ማነው አልተማረም ያለው። የምልክት ቋንቋውን ሥዕል ሱቄ መስታወት ላይ ለጥፌ፣ ደንበኛ ሲጠፋ በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ፣ ዝሆን አውቃለሁ፣ አውሮፕላን አውቃለሁ፣ ማክሰኞ አውቃለሁ፣ ምን ያደርጋል፣ ልጅቷ ስለ ዝሆን አታወራ። እናቷ አንድ ሥዕል አልለጠፈችም፣ ሽንኩርት እየላጠች ይሄ ምን ይባላል ትላታለች፣ ትሳሳታለች፣ ልጅቷ ትስቅባታለች፣ አብራ ትስቃለች፣ በቃ፣ ቋንቋው እንደ ቀልድ ገባት። እኔ ሲስቁብኝ አልወድም። ከምሳሳት ብዬ እጄን ኪሴ ከተትኩ።

መምህሯም ብላኛለች፣ እሷም ራሷ ጆሮዋ አይሰማም፣ ሚስቴ ናት ያስተረጎመችልኝ፣ ቃል አታጠራቅም፣ አዋራት፣ ፊትህንም ፍታው፣ በእኛ ቋንቋ ፊትም ይናገራል። ፊቴን ምን ላድርገው፣ ሳስብ ግንባሬ ይቋጠራል፣ አፈጣጠሬ ነው።

ትናንት ደግሞ ሚስቴ ሳህን እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ነገ እኔ ላምጣት አለችኝ። ለምን። ሳህኑን ደግማ አለቀለቀችው። ለምን እልሻለሁ።

ከአባዬ ጋር ጸጥ ይላል ትላለች ልጅህ።

ጸጥ ይላል። ምንም የማትሰማ ልጅ። ከእኔ ጋር ጸጥ ይላል። አይሆንም፣ እኔው ነኝ የማመጣት ብዬ መጣሁ፣ ምን ልሆን እንደመጣሁ እንጃ።

መሻገሪያው ጋ ቆመናል። እጇን ትስባለች፣ አጠብቃለሁ፣ ትስባለች፣ ምን ሆነች፣ ቁሚ እንጂ የኔ ልጅ፣ ለማን ነው የማወራው፣ ነከሰችኝ፣ በጥርሷ፣ ለቀቅኳት፣ ነፍሴ ልትወጣ ነው፣ አስፋልቱ ውስጥ ልትገባ ነው፣ አልገባችም። ፊት ለፊቴ ቆማ እጆቿን ታወናጭፋለች። እየተናገረች ነው። በእጇ ነው የምትናገረው፣ እኔ ደግሞ እጇን ጨብጬ፣ አምላኬ፣ አፏን አፍኜ ነው ለካ እስከዚህ የጎተትኳት።

አልገባኝም። ራሴን ነቀነቅኩላት፣ አዎ፣ ሳይገባኝ ሁሌም አዎ ነው የምላት፣ ደስ እንዲላት። ትከሻዋ ወረደ። ቆይ። ለምን ወረደ። ተንበረከክሁ፣ ሰው ያያል፣ ይይ፣ ድገሚልኝ አልኳት በእጄ፣ እንዲያው በተወለጋገደው እጄ። ደገመችው፣ ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገር። ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች፣ አንተ። ከዚያ ግንባሯን ቋጠረች፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ የኔን ፊት ፊቷ ላይ ሠራችው። ከዚያ ወደ ራሷ ጠቆመች፣ እኔን።

ተቆጥተኸኛል?

መተርጎም አላስፈለገኝም። ዝም ብሎ ገባ፣ እንደ ቢላ። ይሄን ስንቴ ጠይቃኛለች፣ ስንቴ አዎ ብያታለሁ፣ ራሴን እየነቀነቅኩ፣ ፈገግ እያልኩ ጭምር፣ አዎ፣ አዎ።

አይደለም የኔ እናት፣ አይደለም፣ በአፌ እየጮህኩ ነው፣ ዝጋ አፍህን፣ በእጅህ፣ አይደለም በእጅ እንዴት ነበር፣ ጠፋኝ፣ ሁለቱንም እጄን ዝም ብዬ አራገብኩ፣ እንባው ዓይኔን ጋርዶኛል፣ ሰዉ ዙሪያችንን አልፎ ይሻገራል። እሷ ታየኛለች። የማደርገው ምን እንደሆነ አልገባትም። ከዚያ ጣቷን ቀጥ አድርጋ ግራና ቀኝ አወዛወዘችው፣ እንዲህ አይደለም ልትለኝ ነው፣ አበላሸኸው ልትለኝ፣ አይደለም፣ አይደለም፣

እሱን። ያውና የጠፋኝ የአይደለም ምልክት፣ እሱን ነው የምፈልገው። ጣቴን አነሳሁ፣