የደፉ ሚስማር

ጸጉር ማድረቂያውን በሁለት እጄ ይዤ አፉን ወደ ፍሙ አዘንብያለሁ። አባባ አለነ መኮትኮቻውን በጉጠት አገላበጡና «ዝቅ አድርጊው፤ አመዱን ሳይሆን ከሰሉን ንፊው» አሉኝ። ዝቅ አደረግኩት። ፍሙ ከቀይ ወደ ብርቱካን፣ ከብርቱካን ወደ ቢጫ ተሻገረ።

ማድረቂያው ጎረቤታችን የታሊያ እናት የጣለችው ነበር። አባባ አለነ አገር ቤት ከፍየል ቆዳ የተሰራ ወናፍ ነበራቸው፤ በአውሮፕላን ስንመጣ ግን ማንም ከለበሰው ልብስ በቀር ብዙ አልያዘም። ስለዚህ ግቫት ጺዮን በሚባለው የአዲሱ አገራችን ሰፈር፣ ከቤታችን ጀርባ ባለች ጠባብ ግቢ፣ ከወገራ የመጡ ቀጥቃጭ በጸጉር ማድረቂያ ብረት ያግሉ ነበር። አሁን እዚያ ቦታ ላይ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንጻ ቆሟል። ባለፍኩ ቁጥር ፎቆቹን ሳይሆን መሬቱን ነው የማየው።

ጊዜው በፈረንጆች 1993፣ ወሩ ነሐሴ ነበር። አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ብዙ የማልናገር ልጅ ስለነበርኩ አባባ አለነ ማድረቂያውን እንድይዝላቸው ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ እኔን ይመርጡ ነበር። ያን ቀን ግን የምጠይቃቸው ነገር ነበረኝ።

ወንድሜ ደርሶ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። በሚመጣው እሁድ ከማዕከላዊው አውቶቡስ ጣቢያ ተሳፍሮ በሰሜን በኩል ወዳለ ፕኒሚያ፣ ልጆች እያደሩ ወደሚማሩበት ትምህርት ቤት ሊሄድ ነው። ያኔ የእኛ ልጆች እዚያ ዕድሜ ላይ ሲደርሱ እንዲያ ይሄዱ ነበር። እማዬ ወረቀቱ ላይ በአውራ ጣቷ ፈርማለች። አባታችን አዲስ አበባ የአውሮፕላን ተራ ስንጠብቅ ሞቶ እዚያው ተቀብሯል። ከዚያ ወዲህ መንገድ የማቋርጠው የደርሶን እጅ ይዤ፣ እንቅልፍ የሚወስደኝም እግሩን በእግሬ ነክቼ ነበር። እንዲቀርልኝ ፈለግኩ። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

ከሁለት ቀን በፊት ደርሶ ኳሱን በጉልበቱ እያነጠረ «አባባ አለነን ተጠንቀቂ» ብሎኝ ነበር። «አገር ቤት ጅብ ይሆኑ ነበር አሉ።»

«ውሸታም።»

«ካላመንሽ ጠይቂያቸው። ቀጥቃጭ ሁሉ ቡዳ ነው ይሉ የለ? በዓይናቸው ብቻ በሬ ይጥላሉ። አንቺ ጉንዳኗማ ለቁርስም አትበቂያቸውም።»

እማዬ ከውስጥ ሰምታው «ዝም በል፤ ያ ቃል በዚህ ቤት አይነሳም» አለችው። እሱ እየቀለደ ነበር። እኔ ከመንደር የወጣሁት በስምንት ዓመቴ ስለሆነ፣ ያ ቃል ስንት ሰው እንዳስለቀሰና ስንት ቤት እንዳስቃጠለ ያኔ አላውቅም ነበር። የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከቤታችን ጀርባ አስማተኛ አለ።

ስለዚህ መኮትኮቻው ከፍሙ ወጥቶ መቀጥቀጫው ብረት፣ መስፉ ላይ ሲቀመጥ ጠየቅኩ። «አባባ፣ እውነት ጅብ መሆን ይችላሉ?»

መዶሻው አየር ላይ ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«ደርሶ።»

መዶሻውን አስቀመጡና እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። «አራት እግር ቢኖረኝ ኖሮ» አሉ በመጨረሻ፣ «አዲስ አበባ ድረስ በሁለቱ እሄድ ነበር? ይኸው ጉልበቴ። የጅብ ጉልበት ይመስልሻል?»

ጉልበታቸውን አየሁ።

«የአገር ቤት ሰው ቀን ማረሻ ያሰራናል፣ ሲመሽ ጅብ ይለናል። የራሳችን ልጅ ይጠይቀኛል ብዬ ግን አላሰብኩም። የጅቡ ነገር ውሸት ነው ልጄ።»

«ሌላስ? ሌላ ምንም አይችሉም?» ማድረቂያውን አጠፋሁት። «ደርሶ እሁድ ሊሄድ ነው።»

ፊቴን ብዙ አዩት። ብረቱ በመሃላችን ቀስ እያለ ጠቆረ።

«ሚስማሩ ግን ውሸት አይደለም» አሉ። እንዳሉት የተጸጸቱ መሰለኝ፤ ግን ወሬ አንዴ ከተጀመረ አይመለስም። «አባቴ ነው ያደረገው፣ አንድ ጊዜ። ታናሽ ወንድሜ ካሳው በሱዳን በኩል ከሚወጡት ጋር ሊሄድ ተነሳ። አባቴ የካሳውን እግር አስታጠበና ራስ የሌለው ሚስማር አግሎ በእጣቢው ነከረው። ደፉ ላይ መታው። ካሳው ቀረ።»

«ቀረ?»

«ቀረ። በቃ። እኔ አላደርገውም፤ ዳግመኛም አትጠይቂኝ። አሁን ንፊ።»

ነፋሁ። ሰው ከሰማው ወሬ የሚፈልገውን ብቻ ይዞ ይሄዳል። እኔ «ቀረ» የሚለውን ይዤ ሄድኩ።

ማክሰኞ አባባ አለነ ለጉልበታቸው ቁፓት ሆሊም፣ ሐኪም ቤት፣ ቀጠሮ ነበራቸው። ከዚያ በፊት ባለው ምሽት ደርሶ ከኳስ ሲመለስ ሳፋ ውሃ አቀረብኩለት።

«ምን ነካሽ? እንግዳ ነኝ እንዴ?»

«ዝም ብለህ ታጠብ።»

«ጉንዳን የሰው እግር ስታጥብ አይቼ አላውቅም» አለ፤ ግን እግሩን ዘረጋ። ትንሹ ጣቱ ላይ ጥፍሩ የተሰነጠቀ ነበር። እጣቢውን በወተት ፕላስቲክ ቀዳሁት።

በማግስቱ ማድረቂያውን በጉልበቶቼ መካከል አጣብቄ፣ አንድ ቁራጭ ፌሮ ፍሙ ውስጥ ጨመርኩ። ብረቱ ቢጫ እስኪሆን ጠበቅኩ። መዶሻው ከክንዴ ይከብድ ስለነበር ስድስት ጊዜ አግዬ ስድስት ጊዜ መምታት ነበረብኝ። የወጣው ነገር እንደ ዶሮ ጥፍር የጎበጠ ሚስማር ነው። እጣቢው ውስጥ ስነክረው ጮኸ። ጩኸቱ ሲያልቅ ሌላ ድምፅ ሰማሁ፤ እየሮጠ መጥቶ አጠገቤ የቆመ የእግር ኮቴ። ዞር አልኩ። ግቢው ውስጥ ማንም የለም።

የተከራየነው ቤት ወለሉ ንጣፍ ነው። ነገር ግን የክረምት ጎርፍ እንዳይገባ የቀድሞው ተከራይ የበሩ ደፍ ላይ አንድ ሳንቃ ቸንክሮ ሄዷል። እማዬ አፍሪዳር የሚባለው ሰፈር ቢሮ ልታጸዳ ወጥታለች። ደርሶ ውስጥ ተኝቷል። ሚስማሩን ሳንቃው ላይ መታሁት፤ ጎባጣ ቢሆንም እንደ ቅቤ ገባ።

ረቡዕ ጠዋት ደርሶ ኳሱን በብብቱ ይዞ ወደ በሩ ሄደ። ደፉ ጋ ሲደርስ ቆመ። አንድ እግሩን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ።

«ወዴት ልሄድ ነበር?» አለኝ።

«ኳስ።»

«አዎ» አለ። «ነገ እሄዳለሁ።» ተመልሶ ፍራሹ ላይ ተቀመጠ።

ጓደኛው አሪኤል ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ተጣራ። «ደርሶ፣ ያላ፣ ና! አንድ ሰው ጎድሎናል!»

«ነገ።»

«ማ ፒትኦም! ምን ሲባል ነገ? አሁን ነው የምንጫወተው!»

ደርሶ ፈገግ ብሎ እጁን አወዛወዘለት። ተሳክቶልኛል። አልዋሽም፣ ያን ቀን በሕይወቴ ደስተኛ ከሆንኩባቸው ቀናት አንዱ ነበር። ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጦ ዋለ። ልብስ ስናጣጥፍ አገዘኝ። እማዬ ማታ ስትገባ አይታ «ልጄ ጭምት ሆነልኝ፤ ተመስገን፣ ባሩኽ ሃሼም» አለች።

ሐሙስም እንዲያው ሆነ። የሰጡትን ይበላል፣ የጠየቁትን ይመልሳል። እማዬ ስለ ፕኒሚያው ስትጠይቀው «ብሄድም ባልሄድም ያው ነው» አላት። ከሳምንት በፊት እዚያ ስለሚማርበት የብረት መቁረጫ ማሽን፣ በመስኮት በኩል ስለሚሰጠው የራሱ አልጋ ነግሮን አይጠግብም ነበር። እማዬ ግንባሩን ዳሰሰች። ትኩሳት የለውም።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ግድግዳውን እያየ ተቀምጦ አገኘሁት። ኳሱ እግሩ ስር ነበር፤ አየሩ ወጥቶ ተጨማዷል። ለሦስት ቀን ጉንዳን ብሎ እንዳልጠራኝ ያኔ ገባኝ።

«አንተ ዝንጀሮ» አልኩት።

«አቤት» አለ።

«ዝንጀሮ ነው ያልኩህ። ቂጠ ቀይ።»

«እሺ» አለ፤ በጨዋ ድምፅ።

ሮጬ ወጣሁ።

አባባ አለነ ለሻባት፣ ለሰንበት፣ ግቢያቸውን እየጠረጉ ነበር። እጄን እንደ ሌባ ከኋላዬ ይዤ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልጮሁም። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው መስፉ ላይ ቁጭ አሉ፤ መስፍ ላይ ሲቀመጡ አይቻቸው አላውቅም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ግማሹን ነግሬሽ ግማሹን ዋጥኩት። ካሳው ቀረ አልኩሽ። እስከ ዛሬ ድረስ እንደቀረ አልነገርኩሽም። አባቴ ሞተ፤ መንደሩ ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ሲነሳ ካሳው ከደፉ ማለፍ አልቻለም። ጉጠት ይዤ ታገልኩ፤ ሚስማሩ የሚወጣው በመታው እጅ ብቻ ነው፣ ያ እጅ ደግሞ አፈር ውስጥ ነበር። ሳንቃውን በመጥረቢያ ልፈልጥ ስል ካሳው እግሩን ይዞ ጮኸ። ትቼው መጣሁ። ደፉ ላይ ቁጭ ብሎ በእጁ ሸኘኝ።»

«አሁንስ?»

«ሰው እየላከ ያስጽፋል። ደህና ነኝ ይላል። ሁልጊዜ ደህና ነው።» ተነሱ። ፀሐይዋን አዩ። «ተነሽ። ሻባት ሳይገባ ካላወጣነው እስከ ነገ ማታ ብረት አንነካም፤ ሚስማሩ ደግሞ ቀን በጨመረ ቁጥር ስር ይሰዳል። ጉጠቱን ያዢ።»

ደፉ ላይ ተንበረከክኩ። አባባ አለነ በመጥፎ ጉልበታቸው አጠገቤ ተቀመጡ። ደርሶ ከውስጥ ሆኖ በትሕትና ያየናል። ጉጠቱ አንዴ ያዘና አዳለጠኝ። ሁለተኛም አዳለጠኝ። እንደ ቅቤ የገባው ሚስማር አሁን ከድንጋይ ጋር የተወለደ ይመስላል።

«በሆድሽ ‹ቅር፣ አትሂድ› እያልሽ በእጅሽ ብትስቢ አይወጣም» አሉ አባባ አለነ። «ብረት ሁለት ልብ አይወድም።»

«እንዲሄድ እፈልጋለሁ።»

«ለኔ አትንገሪኝ።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። አውቶቡሱን ለማሰብ ሞከርኩ፤ ባየሁት ቁጥር ጣቢያው ላይ ብቻዬን የቆምኩትን እኔን ነበር የማየው፣ ጉጠቱም ያዳልጣል። ስለዚህ እኔ የሌለሁበትን ቦታ ፈለግኩ። በመስኮት በኩል ያለውን አልጋ አሰብኩ። አንሶላውን፣ ማንም የማይራገጥበትን ስፋቱን። ደርሶ እዚያ ላይ በጀርባው ተኝቶ፣ ጥፍሩ የተሰነጠቀ እግሩን ዘርግቶ። ማሽኑን አሰብኩ፤ ብረት ሲቆርጥ የሚረጨውን ብልጭታ፣ ደርሶ ከብልጭታው ጀርባ ለማላውቃቸው ልጆች ሲቀልድ፣ ልጆቹ ሲስቁ። ቀናሁ። ከዚያ በቅናቱ ስር ሌላ ነገር አገኘሁ፤ ሲስቁለት ደስ አለኝ።

«ሂድ» አልኩ።

ሚስማሩ እንደ ወተት ጥርስ ወጣ።

ደርሶ ተነሳ። ዙሪያውን አየ፣ ኳሱን አነሳና ጨመቅ አደረገው። «ማነው ያተነፈሰው? አሪኤል ይገድለኛል» አለ። በእኔና በአባባ አለነ መካከል ዘሎ ወጣ፤ ከአጥሩ ጋ ዞር ብሎ «ጉንዳን፣ በር ላይ አትጎለቺ፤ ሰው ይረግጥሻል» አለኝና ሮጠ። የኮቴውን ድምፅ እስኪጠፋ ሰማሁት።

አባባ አለነ እጃቸውን ዘረጉ። ሚስማሩን ሰጠኋቸው። በጣታቸው ዳሰስ አድርገው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱትና ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱ። እዚያው ቆመው ደፉ ላይ የቀረውን ቀዳዳ ትንሽ አዩ።

«እጅሽ ጥሩ ነው» አሉ። «ያገባሽው ጎብጦ ነበር፤ ያወጣሽው ግን ቀጥ ብሎ ነው።» ሻባት ሻሎም ብለውኝ እያነከሱ ሄዱ።

እሁድ ጠዋት እማዬ ፈረቃዋን ቀይራ ደርሶን ልትሸኝ ቀረች። ደርሶ ጫማውን እያሰረ «የት ነው ሸሚዜ፣ የት ነው ካልሲዬ» ይላል። ፕኒሚያው የልጆቹ ልብስ በማጠቢያው እንዳይቀላቀል በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር እንዲሰፋ አዝዞ ነበር፤ የደርሶ መቶ አሥራ ሁለት ነው። ሸሚዞቹን እማዬ ጨርሳለች። ካልሲዎቹ የኔ ድርሻ ነበሩ።

«ቶሎ በይ፣ አውቶቡሱ አንቺን አይጠብቅም» አለኝ።

«አንተንም አይጠብቅም» አልኩት።

በመጨረሻው ካልሲ ላይ የቁጥሩን የመጨረሻ አሃዝ፣ ሁለትን፣ ሰፍቼ ክሩን አዞርኩ፣ ቋጠርኩ፣ በጥርሴ ቆረጥኩት። ካልሲውን ከጥንዱ ጋር አጥፌ ሻንጣው ውስጥ አስቀመጥኩት። መርፌውን መልሼ የክሩ ጥቅል ላይ ሰካሁት።