ከታንኩ ሥር የተነጠፈው ጆንያ

ድሬዳዋ ላይ ሠላሳ ዓመት የሠራ ብልሃት በሳዑዲዋ የባሕር ዳር ከተማ በኾበር ሁለት ዓመት አይቆይም ብሎ ማን ያስባል? ነጅሙዲንም አላሰበም።

ብልሃቱ የአባቱ ነበር። የአሮጌ መኪና ነዳጅ ታንክ ብረት በብረት ላይ ከተቀመጠ ሲንገጫገጭ ተፍቆ ተፍቆ ይበሳል። ስለዚህ ጆንያ ትቆርጣለህ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ውስጥ ትነክረዋለህ፣ ከታንኩ ሥር እንደ ፍራሽ ታነጥፍለታለህ። ጆንያው ንዝረቱን ይውጣል፣ ዘይቱ ዝገቱን ይከለክላል። አባቱ በዚህ ዓይነት ያስተኛቸው ታንኮች ባለቤቶቻቸውን ቀብረዋል። ነጅሙዲን የኾበር ሰፈር ከሆነው ቱቅባ ከሚገኝ ጋራዥ በተቀጠረ በመጀመሪያው ዓመት በፈረንጆቹ ሰባዎቹ የተሠሩ ሁለት ላንድክሩዘሮች መጡለትና ለሁለቱም ይህንኑ ጆንያ አነጠፈላቸው። ላየው ሁሉ እያሳየም ደረቱን ነፋ።

በፈረንጆቹ 2016፣ ጥር ወር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሁለቱ አንደኛው ተመልሶ መጣ። ባለቤቱ «ቤንዚን ቤንዚን ይሸተኛል» ብሎ ቁልፉን ጥሎ ሄደ። ነጅሙዲን የፊተኛውን የተሳፋሪ ወንበር ፈታ። የእነዚህ መኪኖች ታንክ ያለው እዚያው ከወንበሩ ሥር ነው፤ ሰው የሚቀመጠው ነዳጁ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ታንኩን ሲያነሳው ጆንያው ተጣብቆ አብሮ ተነሳ። በእጁ ቢጨምቀው ውሃ ጠብ አለ። ዘይቱ አልቆ ጆንያው የባሕሩን ወበቅና ጨው ሲጠጣ ከርሟል። የታንኩን ሆድ በአውራ ጣቱ ጫን ቢለው እንደ ብስኩት ተሰብሮ ጣቱ ወደ ውስጥ ገባ።

«አቦ!» አለ። 

ሁለተኛው መኪና የአቡ ሷሊሕ ነበር። አቡ ሷሊሕ ደማም ከተማ፣ አል ሻጢእ ሰፈር የሚኖሩ ሽማግሌ ሲሆኑ የነጅሙዲን ሚስት ዘሐራ የምትሠራው እሳቸው ቤት ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዷ ዋስ፣ ካፊሏም እሳቸው ናቸው። ትናንት አርብ ዕረፍቷ ሆኖ ስትመጣ «ነገ በረሃ እንውላለን» ብላው ነበር። «ሽማግሌው በዚያ በአሮጌው መኪናቸው እኔንና ሁለቱን የልጅ ልጆቻቸውን ይወስዱናል። ትንሿን ታቅፌ ፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ።» የአቡ ሷሊሕ እጅ ደግሞ መሪ ቢይዝም ባይዝም ከሲጋራ ተለይቶ አያውቅም።

ስልኳን ሞከረ፤ አይሠራም። የሽማግሌውን ሞከረ፤ እሱም አይሠራም።

«ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መሰለ እኮ» አለው የሥራ ባልደረባው ለታ።

«ሚስቴን የበሰበሰ ታንክ ላይ አስቀምጫታለሁ። ሹፌሩ ደግሞ ያጨሳል።»

ለታ ነገሩ ሁሉ ባይገባውም የጋራዡን ፒካፕ ቁልፍ ወረወረለት። «ሂድ! ለአለቃው፣ ለሙዲሩ፣ እኔ እመልስለታለሁ፤ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም።»

ነጅሙዲን የሚሰፍሩበትን ቦታ ያውቀዋል፤ አምና መኪናው አሸዋ ውስጥ ሲቀረቀር ወደ ቡቀይቅ ከተማ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ያወጣላቸው እሱ ነው። መንገዱን ሙሉ ከአላህ ጋር ሲደራደር ሄደ። «ያ ረቢ፣ ከፈለግህ እጄን ውሰደው፤ እሷን ግን ተውልኝ። ልጆቹን ተውልኝ።» ከአስፋልቱ ወርዶ ጥቂት እንደሄደ ከአሸዋው ክምር ጀርባ ጭስ አየ።

የፈሩት ይደርሳል ይላሉ። ነጅሙዲን ይህን ተረት እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አሮጊቶች የፈጠሩት ይመስለው ነበር። ፒካፑን እንዳለ ትቶ አሸዋውን በእጁም በእግሩም ወጣው።

ጭሱ የሥጋ ጥብስ ጭስ ነበር። ዘሐራ እሳቱ አጠገብ ተቀምጣ ሥጋ ታገላብጣለች። ልጆቹ የመኪናው ኮፈን ላይ ወጥተው ይንሸራተታሉ። አቡ ሷሊሕ የመኪናውን በር ተደግፈው ያጨሳሉ።

«ልጆቹን አውርዱ! ሲጋራውን ይጣሉት! ዘሐራ፣ ከመኪናው ራቂ!»

ሽማግሌው ደንግጠው ሲጋራቸውን አሸዋ ውስጥ ረገጡ። ዘሐራ ልጆቹን ጎትታ አወረደች። «ምን ጉድ መጣ?» አለች። ነጅሙዲን የፊቱን ወንበር በኪሱ በነበረው መፍቻ ፈትቶ አነሳና ጎንበስ ብሎ አየ።

ጆንያ የለም። ታንኩ ደረቅ ነው፤ ከሥሩ ጥቁር የዝገት መከላከያ ተቀብቶ በአራት ወፋፍራም የጎማ ቁራጮች ላይ ተቀምጧል። በጎማዎቹ መካከል ነፋስ ያልፋል። ጣቱን ሰደደና አሸተተው፤ ምንም የለም።

«ጆንያዬስ?» አለ፣ በቀጭን ድምፅ።

«ያ ጆንያ?» አሉ አቡ ሷሊሕ። «ሠርተህ በሰጠኸኝ በወሩ አውጥቼ ጣልኩት እንጂ! እኔ የባሕር ልጅ ነኝ። እዚህ አገር ጨርቅ ብረት ላይ ካደረ ብረቱን ይበላዋል። አስፍቄ ቀለም አስቀባሁት፣ ጎማ አስደገፍኩት፣ ኸላስ፣ አለቀ።»

ነጅሙዲን አሸዋው ላይ ተዘርፍጦ «አልሐምዱሊላህ» እያለ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ዘሐራ ስትጠጋው እጇን ለቀም አድርጎ ያዘ። በካፊሏ ፊት ነውር ነውና ልትነጥቀው ሞከረች፣ ከዚያ ተወችለት። ሽማግሌው ፊታቸውን አዙረው ሥጋውን የሚቀምሱ መሰሉ።

እንባው ሲደርቅ ግን ንዴቱ መጣ።

«ያ ዓሚ፣ አጎቴ፣ አውቀው ኖሮ ለምን አልነገሩኝም?»

«እንዴት ልንገርህ? ፊትህ በርቶ ‹የአባቴ ሙያ ነው› ብለህ ያሳየኸኝን? የአባትህን ሙያ ፊትህ ላይ ላዋርድብህ?»

«ሌላም መኪና ላይ አንጥፌው ነበር! ያኔ ቢነግሩኝ በማግስቱ አወጣው ነበር። ሰውየው ሁለት ዓመት ሙሉ ሞቱ ላይ ተቀምጦ ነዳ!»

ዘሐራ ክንዱን ቆነጠጠችው። በካፊል ላይ የሚጮኽ ሰው የመጨረሻ መውጫ፣ ኹሩጅ፣ ተመትቶበት ከነሚስቱ ከአገር ሊባረር ይችላል። አቡ ሷሊሕ ግን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ሐቅ ነው። ለአንተ አፍሬ ሌላ ሰው ላቃጥል ነበር። ሳምሕኒ፣ ያ ወለዲ፤ ይቅር በለኝ ልጄ።»

ነጅሙዲን በዚህ አገር በኖረበት ዘመን ይቅርታ ሲጠይቅ እንጂ ሲጠየቅ አያውቅም። ንዴቱ እንዴት እንደ ጠፋ ለራሱም አልገባውም።

«አላህ ሁላችንንም ይማረን» አለ። «ግን ወላሂ፣ ከእንግዲህ ሥራዬ ሲበላሽ እፊቴ ይንገሩኝ።»

«እፊትህ?»

«እፊቴ።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲያው ስማ። ባለፈው ወር የሠራኸው ፍሬን እንደ ፍየል ይጮኻል። የኋላውን በር አጣመህ ገጥመኸው በርግጫ ነው የምዘጋው። የቀባኸው አረንጓዴም የመኪናዬ አረንጓዴ አይደለም፤ ጎረቤቶቼ ሁሉ ይስቁብኛል።»

ዘሐራ አፏን በሻሿ ይዛ በሳቅ ትንፈቀፈቅ ጀመረች። ነጅሙዲን መፍቻውን ከኪሱ አወጣና «ሌላስ? ሌላስ ያ ዓሚ?» እያለ፣ ፊቱ በሳቅ እንደ ተሞላ፣ በጀርባው ተንፏቆ ከመኪናው ሥር ገባ።