የወደቀው ጎን

አባዬ አናጺ ነው፤ ያዘነበለ ነገር ካየ እጁ አያርፍም። ጠረጴዛም ይሁን ቁም ሣጥን አጎንብሶ አጭሩን እግር ይፈልግና ከሥሩ ስንጣሪ ሸጉጦ "በቃ!" ይላል። እማዬ የተሰበረው የግራ ዳሌዋ በብረት ከተጠገነ በኋላ በተራመደች ቁጥር ወደ ቀኝ ዘመም ስትልበት ያደረገውም ይህንኑ ነው። የቀኝ ጫማዋን ወስዶ ሶሉ ላይ እንጨት ለጠፈበት።

ልጠይቃቸው ስመጣ ቀኝ እግሯ ምንጣፉን እየጠለፈ አገኘኋት። መኝታ ቤታቸው ፎቅ ላይ ነው፤ እሷ ግን ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ የምትተኛው ሳሎን ውስጥ፣ ታጣፊ አልጋ ላይ ነው።

"አባትሽማ ደልቶታል" አለችኝ። "እኔን እዚህ እንደ እንግዳ አስተኝቶ ሰፊው አልጋ ላይ ይንፈላሰሳል።" ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ያን ደረጃ ዳግመኛ የምወጣው አይመስለኝም፣ ልጄ። ፈርቻለሁ።"

ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። አባዬ ግን ሰው ሲጠይቀው "የመቀመጫ ሐኪም ናት" እያለ ያስቅብኛል። ጫማውን ይዤ ከሳሎኑ ጎን ወዳለው ወርክሾፑ ሄድኩ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የሚወድቀው ቀኙ ነዋ! ግራውማ በብረት ታስሯል፤ ከኔ ሥራ ይጸናል።"

"ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! በል ተነስና መዳፍህን ግራ ዳሌህ ጎን ላይ አድርግ።"

"ልጅ አባቷን መቀመጫህን ዳብስ ትላለች?"

"ጎኑን ነው ያልኩህ። አሁን ቀኝ እግርህን አንሳ።"

አነሳ። ፊቱ ተለወጠ። "ጠጠረብኝ" አለ።

"እሱ ነው እንግዲህ። ትልቁ የመቀመጫ ጡንቻ ከወንበር ያነሳሃል፣ ደረጃ ያወጣሃል። ጎን ላይ ደግሞ መካከለኛው አለ፤ ትንሹ ከሱ ሥር ተደብቋል። የነሱ ሥራ አንድ እግርህን ስታነሳ ዳሌህ እንዳይዘም መያዝ ነው። የእማዬ የግራዎቹ ደክመዋል። ስለዚህ ቀኝ እግሯን ስታነሳ ቀኟ ይወድቃል። የወደቀው ጎን ጤነኛ ነው፣ አባዬ። የደከመው ያዡ ነው።"

ጫማውን ከእጄ ወሰደ። ከዚያ መሮውን አንስቶ የለጠፈውን እንጨት ፈነቀለው። እማዬ ከሳሎን ሁሉንም ሰምታ ኖሮ "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!" ብላ ጮኸች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በቀኝ ጎኗ እየተጋደመች ግራ እግሯን ወደ ላይ ታነሳ ጀመር። አባዬም ላጫውታት ብሎ አጠገቧ ምንጣፉ ላይ ይጋደማል። የሚገርመው፣ ቀድሞ የሚንቀጠቀጠው የሱ እግር ነበር።

"ምነው ጌታው፣ በዚያ ሁሉ ምቾት ላይ?" ትለዋለች፤ እሱም ጉሮሮውን ይጠርጋል።

አንድ እሑድ ጠዋት የደረጃውን መደገፊያ ያዘችና "ዛሬ እወጣለሁ" አለች።

አባዬ ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ተነሳ። "ቆይ፣ መጀመሪያ ክፍሉን ልጥረገው!"

"ምን ደብቀህ ነው?" ብላ ቀኝ እግሯን አስቀደመች። እሱ እጆቹን ዘርግቶ ከኋላዋ፣ እኔ ከሱ ኋላ ወጣን። ዳሌዋ አልዘመመም። በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

በሩን ከፈተች። አልጋው ሆስፒታል በገባችበት ቀን እንደተነጠፈ ነው። ሻርፗ እሷ በምትተኛበት በኩል እንደተጣለ አለ። ሁለቱም ትራሶች አቧራ ለብሰዋል።

"የት ነበር የምትተኛው?" አለች።

አባዬ ወለሉን አየ። "ወርክሾፕ። የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ። ከሳሎኑ የሚለየው አንድ ግድግዳ አይደል? እዚህ ሆኜ ብትጣሪኝ እንዳልሰማሽ ፈርቼ ነው።"

"ጣውላ ላይ? ይሄን ሁሉ ጊዜ?"

እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ስትቀመጥ አቧራው ቡን አለ። እንባዋ እየወረደ ትስቅ ነበር። አጠገቧ ያለውን ቦታ በመዳፏ መታ መታ አደረገች።

"ና ቁጭ በል፣ አንተ ያዥ" አለችው። "ደክመሃል።"