የመጀመሪያዋ ፎቶ

«እንዴ፣ ታዲያ ፎቶው የታለ?» አሉ አክስትየው፣ ካሜራውን ጭናቸው ላይ አስደግፈው ወደ ውስጡ እያጮለቁ።

ጭፍኔ የሻይ ትሪ ይዛ ከጓዳ ብቅ ማለቷ ነበር። የአባቷ ካሜራ የኋላ ክዳኑ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ በመስኮቱ የገባው የረፋድ ፀሐይ ፊልሙ ላይ አርፏል። ክው አለች። ትሪውን ያገኘችው ወንበር ላይ አኑራ፣ በለቀስተኛው እግር መሃል እየተሽለኮለከች ደረሰችና ካሜራውን ከአክስቷ እጅ ነጥቃ ክዳኑን ገጭ አድርጋ ዘጋችው።

«ምነው ልጄ? ምን አጠፋሁ?»

«ፊልሙ ብርሃን አየ፣ እትዬ።»

«ብርሃን ቢያይስ? ፎቶ በብርሃን አይደል እንዴ የሚነሳው?»

በዚያች ሰዓት ብትናገር የማይመለስ ቃል እንደሚያመልጣት ስላወቀች ካሜራውን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወደ መስኮቱ ዞረች። አክስትየው ወንድማቸው ካሜራውን ሲከፍት ዕድሜ ልካቸውን አይተዋል፤ ከመክፈቱ በፊት ፊልሙን ወደ ትንሿ ቆርቆሮ ቤቱ ጠቅልሎ እንደሚመልሰው ግን ልብ ብለው አያውቁም። ሊያጽናኑ የመጡት ጎረቤቶች አንገታቸውን ደፉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ የሰፈሩ ፎቶ አንሺ ነበር። ሙሽራው፣ አራሷ፣ ተመራቂው፣ ጡረታ የወጣው፣ ሁሉም በሱ ካሜራ ፊት አልፏል። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ እሱ ግን ለራሱ ምንም ሳይቆርስ ሞተ። ቤቱ ቢበረበር የተገኘው የመታወቂያው ጉርድ ፎቶ ብቻ ሆነ። እሱንም አክስትየው ገና ሲያዩት፣ «ይሄ በሌብነት የተያዘ ሰው ነው እንጂ የኔ ወንድም አይደለም» ብለው መለሱት። ሰው በስልኩ ያነሳው ሁሉ ደግሞ ያው ነው፤ እጁን ፊቱ ላይ ጋርዶ። በአበባው መሃል ፎቶ የሚቆምበት ቦታ ከቀብሩ ጀምሮ ባዶ ነው። ለቅሶ ደራሹ ሲገባ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ፎቶ ግን ነበረው። ራሷ ጭፍኔ ያነሳችው፣ ገና ያልታጠበ፣ በዚያ ካሜራ ውስጥ።

አባቷ ለካሜራው አዲስ ፊልም ባጎረሰ ቁጥር የመጀመሪያዋን ፎቶ ለሷ ይሰጣት ነበር። ካሜራውን በሁለት እጇ መሸከም በሚያቅታት ዕድሜ የተጀመረ ልማድ ነው። ፊልም ሲጎረስ ብርሃን ስለሚነካት የመጀመሪያዋ ብዙ ጊዜ ትበላሻለች፤ ለደንበኛ አትሆንም፣ ለልጅ ግን ትበቃለች። እሷም ድመት አነሳች፣ ጫማ አነሳች፣ ጣራ አነሳች። እሱ ሁልጊዜ ከጀርባዋ ቆሞ፣ «ትንፋሽሽን ያዢ» ይላታል፣ ቆየት ብሎም «አሁን!» ታጥቦ ሲወጣ ያንን ግማሹ የተቃጠለ ጣራ እንደ ትልቅ ነገር ከሙሽሮቹ ጎን ገመድ ላይ ይሰቅልላታል። እሷ ራሷ ስትነሳ ግን ዓይኗ ተከፍቶ አያውቅም፤ ካሜራው ቀጭ ሊል ሲል ትጨፍናለች። ጭፍኔ የሚለው ስም ከዚያ መጣ፣ አድጋ መድኃኒት ቤት ስትቀጠርም አልለቀቃት።

ለመጨረሻ ጊዜ ልትጠይቀው የመጣች ዕለት እንደ ልማዳቸው ተከራከሩ። ሰው ሁሉ በስልክ በሚያነሳበት ዘመን በጨለማ ክፍል ውስጥ ሲዳብስ መዋል ምን ይባላል፣ ለምን አይበቃህም አለችው። እሱ እቴ! እንዲያውም ሰሞኑን ወጣቶቹ ተመልሰው እየመጡ በፊልም አንሳን ይሉኛል፣ ስልካቸው በፎቶ ታጭቆ የሚይዙት አንድም የላቸውም አላት።

«ስልክ ወዲያው ያሳይሻል፤ ወዲያውም ትረሺዋለሽ» አለ ፊልሙን እያጎረሰ። «ፊልም ግን ያስጠብቅሻል። እስኪታጠብ ድረስ ያነሳሽውን ሰው በልብሽ ይዘሽው ትዞሪያለሽ።»

ከዚያ ካሜራውን ሰጣትና እንደ ድሮው ከጀርባዋ ቆመ። እሷም ምን እንደነካት እንጃ፣ ድንገት ወደሱ ዞር ብላ ቀጭ አደረገችው። ሳታስተካክዪ ፊልም አቃጠልሽ ብሎ ተቆጣና፣ ቁጣውን ሳይጨርስ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ አላየችውም። ድንገት ነው የሄደው።

«ተይው በቃ፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» አሏት ጸጉር አስተካካዩ፣ ወደ ጥግ ሳብ አድርገው። የአባቷ የልብ ወዳጅ ናቸው፤ ሱቃቸውና ስቱዲዮው በአንድ ግድግዳ ነው የሚለያዩት።

«ሁሉም ላይፈስ ይችላል፣ ጋሼ። ፊልሙ እንደ ፋሻ ነው የሚጠቀለለው። ፀሐይ ያቃጠለው የላይ የላዩን ነው፣ ኋላ የተነሳውን። የመጀመሪያዋ ከሁሉም ውስጥ ናት፤ ሌሎቹ ተጠቅልለውባታል።»

«እንግዲያው ምን ትጠብቂያለሽ? አሁኑኑ እጠቢያ!»

«አላለቀማ።»

ጸጉር አስተካካዩ ለቅሶ ቤት መሆናቸውን ረስተው ፈገግ አሉ። ያላለቀ ፊልም አይታጠብም የሚለውን የወዳጃቸውን ሕግ ከሳቸው በላይ የሚያውቀው የለም፤ የልጃቸውን የሠርግ ፎቶ ያገኙት ሙሽራይቱ ልትወልድ ስትል ነው። ጭፍኔን ግን ሕጉ ብቻ አልነበረም የያዛት። ፈርታለች። እስካልታጠበ ድረስ አባቷ እዚያ ውስጥ አለ፤ ከታጠበ በኋላ ላይኖር ይችላል።

አክስትየው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀምጠዋል። ሻዩን አልነኩትም። ጭፍኔ አጠገባቸው ስትደርስ ለራሳቸው የሚያንሾካሹኩትን ሰማች።

«ወንድሜን ደግሜ ገደልኩት» ይላሉ።

አንጀቷን በሉት። እኚህ ሴት አባቷን አዝለው ያሳደጉ ናቸው፤ አባቷን አንተ እያለች ያደገች ልጅ እሳቸውን እስካሁን እርስዎ የምትለው ያለ ነገር አይደለም። ስትነጥቃቸው እንኳ እጃቸው ካሜራውን እንደ ሕፃን ከስር ደግፎ ነበር።

«እትዬ፣ ወደዚህ ይዙሩልኝ» አለቻቸው።

«ለምን?»

«ፊልሙ አላለቀም። ካላለቀ ደግሞ አይታጠብም። ትንፋሽዎን ይያዙ።»

አነሳቻቸው፤ የለቅሶ ፊታቸውን እንደያዙ። ቀጥላ ጸጉር አስተካካዩን አነሳች፣ ቀጥላ ጎረቤቶቹን። አንዷ ለቅሶ ቤት ፎቶ ምን ይሉታል ብላ አጉረመረመች፣ ተራዋ ሲደርስ ግን ነጠላዋን አስተካከለች። ክዳኑ ሲከፈት የፎቶ ቆጣሪው ወደ መነሻው ስለተመለሰ ስንት እንደቀረ የሚያውቅ የለም። ወንበሮቹን አነሳች፣ ባዶውን ቦታ ከነአበባው አነሳች። በመጨረሻ መጠምዘዣው አልሄድ አለ፤ ፊልሙ አልቋል። ፊልሙን ቀስ ብላ ወደ ቤቱ ጠቅልላ መለሰችው።

ከሰዓት በኋላ ስቱዲዮው ጨለማ ክፍል ገባች። ጸጉር አስተካካዩ ማንም እንዳይከፍት በሩን በጀርባቸው ደግፈው ቆሙላት። ጣቶቿ የረሱ መስሏት ነበር፤ አልረሱም። አባቷ በጨለማ ያስተማራትን በጨለማ አስታወሱ። የማጠቢያው መድኃኒት ሽታ፣ ያ ከአባቷ ሸሚዝ የማይለቅ የነበረው፣ አፍንጫዋን ሲመታት ሥራዋን ሳታቋርጥ አለቀሰች። ከቀብሩ ወዲህ ማንም ሳያባብላት ስታለቅስ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ፊልሙ ሲወጣ መሃሉ ሁሉ ብርሃን አቃጥሎት ጠቁሯል። አባቷ በመጨረሻ ያነሳው ሁሉ ጠፍቷል፤ ማንን እንዳነሳ፣ ምን አይቶ እንደቆመ ከእንግዲህ አይታወቅም። ይህ አቃጠላት። ወደ መነሻ ጫፉ ስትደርስ ግን ጥቁሩ እየሳሳ ሄደ። የመጀመሪያዋ ዳር ዳሯ ብቻ ተለብልቦ ቀርታለች።

በማግስቱ ለቀስተኛው በተሰበሰበበት ፎቶውን አትማ አምጥታ አክስቷ እጅ ላይ አኖረችው። ጥርት ያለ አይደለም፤ ጥርት ብሎ የሚታየው ከአባቷ ኋላ ያለው መደርደሪያ ነው። እሱ በቁጣና በሳቅ መሃል ነው፣ አንድ እጁን ወደ ካሜራው ዘርግቷል። ፊቱን ሊጋርድ አይደለም፣ እንድታስተካክል ሊያሳያት ነው።

አክስትየው ብዙ አዩት። በጣታቸው ጫፍ የተለበለበውን ዳር ዳበሱት።

«ይሄ ነው ወንድሜ» አሉ። «እንዲህ ነበር የሚቆጣው፤ አያምርበትም ነበር።»

ተነስተው በአበባው መሃል አቆሙት። ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞሮ አየው።

ጭፍኔ አባቷ ከተዋቸው ፊልሞች አንዱን ከመደርደሪያው አወረደች። እዚያው ለቀስተኛው መሃል ቁጭ ብላ አጎረሰችው፣ ክዳኑን ዘጋች፣ መጠምዘዣውን ሳበች። ከዚያ ካሜራውን ለአክስቷ ዘረጋችላቸው። እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ ሸሸጉ።

«ኧረ እኔ ሁለተኛ አልነካውም።»

«የመጀመሪያዋ የእርስዎ ናት፣ እትዬ።»

አክስትየው የተባለው ገባቸው። ካሜራውን ተቀብለው ዙሪያውን ቃኙና ወደሷ አዞሩት። ጭፍኔ ከጀርባቸው ልትቆም ነበር ያሰበችው፤ ባለችበት ቀረች።

«ትንፋሽዎን ይያዙ» አለች።

እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ፣ ዓይኗን ሳትጨፍን ጠበቀች።