ግማሽ ብልቃጥ ቅባት

ያን በጋ ሬቫ የኖረችው ፍሪጅ ውስጥ ነው ቢባል ውሸቱ ትንሽ ነው። ካረጠች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሙቀቱ ከደረቷ ተነሥቶ ፊቷን ሲያነደው የፍሪጁን በር ከፍታ ጭንቅላቷን ከአይስክሬሙ አጠገብ ትሰካለች። ባሏ ዴል አይስክሬም ሲያምረው የሚያገኘው የሚስቱን ጀርባ ነበር። ሌሊቱንማ አታንሡት፤ አንሶላው ይጨመቅ ነበር።

ባሏ የሞተባት እህቷ ግሌንዳ ጎረቤቷ ናት። በዚያ በኦክላሆማ ሜዳ ላይ የሁለቱ ቤቶች ጓሮ አንድ ነው፤ መሃሉ ላይ አውሎ ነፋስ ሲመጣ የሚሸሸጉበት የምድር ቤት ተቆፍሯል። እናታቸው ሁሉን ነገር «ግማሽ ላንቺ፣ ግማሽ ለሷ» እያለች ነው ያሳደገቻቸው፤ አንድ ብስክሌት፣ አንድ የእሑድ ቀሚስ፣ በጥርስ የተከፈለ ከረሜላ። ግሌንዳ በሠላሳ አንድ ዓመቷ፣ ልጅ ሳትወልድ፣ በዕጢ ምክንያት ማህፀኗ ሲወጣ፣ ሬቫ ሁለቱን ወንዶች ልጆቿን ሳይቀር አካፈለቻት። ቅዳሜና እሑድ የግሌንዳ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ግን ሬቫ በእህቷ ፊት ስለ እርግዝናም ሆነ ስለ ወር አበባ ተንፍሳ አታውቅም።

«እስቲ እጅሽን አምጪ» አለቻት ግሌንዳ አንድ ጠዋት። ነጭ ቅባት የያዘች ብልቃጥ ከፍታለች፤ ሐኪም አዞላት ፋርማሲስቱ ለሷ ብሎ የቀመመው ነው።

«ምንድነው?»

«ሆርሞን። ከተክል ሥር ነው አሉ የሚወጣው። ሰውነትሽ ራሱ ይሠራው ከነበረው ጋር አንድ ነው።»

«ላንቺ እኮ ነው የታዘዘው።»

«የሠርግ ቀሚሱስ ለእኔ አልነበር የተሰፋው? አንቺም ለብሰሽው አይደል ያገባሽው? ዝም ብለሽ ተቀቢ።»

ሰው የሚወደውን ሲያስታምም ሐኪም የሆነ ይመስለዋል። ግሌንዳ ቅባቱን በማንኪያ ለሁለት ከፍላ፣ የሬቫን ድርሻ በባዶ የማርማላታ ብርጭቆ ሰጠቻት። የሚገርመው፣ ሠራ። ሬቫ እንቅልፍ ወሰዳት፤ በቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን መሃል ድምፅዋ እንደገና ይሰማ ጀመር፤ ዴልም አይስክሬሙን አገኘ።

ጸደይ ሲገባ ሬቫ መታጠቢያ ቤት ደም አየች። እንደገና ኮረዳ ሆንኩ ብላ ለመሳቅ ሞከረች፤ ሳቁ አልመጣላትም። አክስታቸውን የወሰዳት የማህፀን ካንሰር ነው፤ እሱም በደም ነበር የጀመራት። ለዴል ብትነግረው ለግሌንዳ ይነግራታል። ግሌንዳ ከሰማች ደግሞ በእኔ ቅባት ነው ብላ ራሷን ትበላለች። ደግሞስ በዚያች ሴት ፊት የወር አበባ ወሬ በየት በኩል ይነሣል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ሬቫ ግን ደበቀች፤ ቅባቱንም መቀባት አልተወችም።

አንድ ከሰዓት በኋላ የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ዴል ሥራ ላይ ስለነበር ሁለቱ ብቻ ወደ ምድር ቤቱ ወረዱ። ሌላው ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ የሚይዘው ፎቶና ሰነድ ነው፤ ግሌንዳ የያዘችው አዲስ ብልቃጥና ማንኪያ ነበር።

«ያንቺ ሳያልቅ አይቀርም ብዬ ነው» አለች ክዳኑን እየፈታች።

«ለእኔ አታድርጊልኝ። በቃኝ።»

«እንዴት ነው የሚበቃሽ? ፍሪጅ ውስጥ ልትመለሺ ነው?»

ነፋሱ ከላይ በሩን ነቀነቀው። ሬቫ ዛሬ ከሞትኩ ምስጢሩ ምን ይሠራልኛል ብላ አሰበች።

«ደም ይፈሰኛል፣ ግሌንዳ። ወራት ሆነው።»

ግሌንዳ ማንኪያውን አስቀመጠች። ነፋሱ እስኪያልፍ ድረስ የእህቷን እጅ አልለቀቀችም።

«ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

«ቆይ እስቲ፣ ምናልባት ራሱ…»

«ሬቫ፣ አልጠየቅሁሽም።»

ሐኪሟ ነገሩን ከሰማች በኋላ ብልቃጡን አገላብጣ አየችው።

«የታዘዘው ለማን ነው?»

«ለእኔ» አለች ግሌንዳ። «ማህፀኔ ከወጣ ቆይቷል።»

«እርስዎስ፣ ማህፀን አለዎት?» አለች ወደ ሬቫ ዞራ።

«አለኝ።»

«ይሄ ኢስትሮጅን ብቻ ነው። ኢስትሮጅን የማህፀንን ግድግዳ ያወፍራል። ማህፀን ያላት ሴት እሱን የሚገታላት ፕሮጄስትሮን የሚባል ሌላ ሆርሞን አብራ መውሰድ አለባት፤ አለዚያ እያደር ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላል። እህትዎን አላስፈለጋቸውም፤ እርስዎን ግን ያስፈልግዎታል።»

«ተፈጥሯዊ ነው ተብለን እኮ ነው» አለች ግሌንዳ ቀስ ብላ።

«የእባብ መርዝም ተፈጥሯዊ ነው። ከሰውነት ሆርሞን ጋር አንድ የሆነ፣ መጠኑ ተመርምሮ የጸደቀ መድኃኒት አለ። እየተቀመመ የሚሸጠው ግን መጠኑ አንዴ ይበዛል፣ አንዴ ያንሳል። ደግሞ ሴት ካረጠች በኋላ ደም ካየች ሳታድር ትምጣ። ሦስት ወር አትቀመጥም።»

ከማህፀኗ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ እስኪመጣ ግሌንዳ ጠዋት ጠዋት እየመጣች የእህቷን ንጹሕ ወጥ ቤት ታጥባለች። ዴል አንድ ቀን «ወለሉ ሊያልቅ ነው» ቢላት ጨርቁን ወረወረችበት።

ውጤቱ መጣ፤ የማህፀኗ ግድግዳ ወፍሯል፤ ካንሰር ግን የለም። ለሬቫ በራሷ ስም መድኃኒት ታዘዘላት፤ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ፣ ማታ ማታ ደግሞ የሚዋጥ እንክብል። ሲመለሱ ግሌንዳ ሀምበርገር ገዝታ መኪናውን ጥላ ሥር አቆመች። እንደ ልማዷ ለሁለት ከፈለችው፤ ግን አልበላችም።

«ማህፀን እንደሌለኝ ይሄን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ረስቼ አላውቅም» አለች። «የሕፃን ልብስ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። አንቺ እንዳለሽ ግን ረሳሁ።»

ሬቫ ወደ እህቷ ዞረች።

«በፊትሽ አንሥቼው ስለማላውቅ ነዋ። እንዳይከፋሽ ብዬ።»

«ከአሁን በኋላ ይክፋኝ» አለች ግሌንዳ። «አንቺ ብቻ ንገሪኝ።»

ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። የመድኃኒቱን ከረጢት ሳትከፍት እህቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄ ሙሉው ያንቺ ነው።»

ከዚያ ሀምበርገሩን አነሣች፤ ሬቫም ትልቁን ግማሽ ወደሷ ገፋችላት።